ሁለት ተክል፣ ሁለት ሕመም፦ ስለ ቅጠል ቢጫ መሆንና ስለ ፒኤች አለካክ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጠያቂ ሁለት ተክሎች አሏቸው። በረንዳው በር አጠገብ ያለው ጋርዴኒያ ከክረምቱ በፊት ወደ አዲስ የሲሚንቶ መትከያ ተዛውሯል። ከመስከረም ወዲህ ጫፉ ላይ የሚወጡት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል። ሳሎኑ ጥግ በቀለም ባልዲ ውስጥ ያለው ፖቶስ ደግሞ የታችኞቹ ቅጠሎቹ እየለሰለሱ ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ። ለሁለቱም አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ፣ ቡና በተፈላ ቁጥርም የጀበና ዝቃጭ ተጨምሮላቸዋል። ባለ ሁለት ጣት የፒኤች (የአፈር አሲዳማነት ልክ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል) መለኪያ ተገዝቶ አፈሩ ውስጥ ሲሰካ በሁለቱም ላይ 7 ያሳያል። «አፈሩን ለማስተካከል ኮምጣጤ ላጠጣቸው ወይ?» ይላሉ።

ኮምጣጤውን ይተዉት፤ ዩሪያውንም ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ መለኪያው ያሳየው ቁጥር ሳይሆን በእያንዳንዱ ተክል ላይ የትኛው ቅጠል ቀድሞ እንደ ገረጣ ለይተው መናገርዎ ነው። ብዙ ሰው «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ» ብሎ ያቆማል። አዲሱ ይሁን አሮጌው ካልታወቀ ግን የቱም ባለሙያ በግምት ነው የሚመልሰው። እርስዎ ዘንድ ያሉት ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ በአንድ መድኃኒት ሊድኑም አይችሉም።

ተክል ናይትሮጅን፣ ማግኒዥየም ወይም ፖታሲየም ሲያጥረው ከአሮጌ ቅጠሎቹ እየወሰደ ለአዲሶቹ ያሸጋግራል። ስለዚህ የእነዚህ እጥረት ከታች ይጀምራል። ናይትሮጅን ከጎደለ አሮጌው ቅጠል ከዳር እስከ ዳር በአንድነት ይገረጣል። ማግኒዥየም ከጎደለ የአሮጌው ቅጠል ጅማት አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ቢጫ ይሆናል። ፖታሲየም ከጎደለ ዳር ዳሩ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይጠቁራል። ብረት ግን አንድ ጊዜ ቅጠል ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ሌላ ቅጠል አይዛወርም ማለት ይቻላል። ሥሩ አዲስ ብረት መሳብ ካልቻለ አሮጌዎቹ ቅጠሎች እንደ ለመለሙ ይቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወለዱት ብቻ ቢጫ ሆነው፣ ጅማታቸው እንደ አረንጓዴ መረብ ጎልቶ ይወጣል። የእርስዎ ጋርዴኒያ የሚያሳየው ይህንን ነው።

ፖቶሱን አስቀድሜ ልጨርሰው፤ ጉዳዩ አጭር ነው፣ ጊዜም አይሰጥም። ከታች ተነስቶ ቢጫ የሚሆን፣ ግን የሚለሰልስ ቅጠል ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ማዳበሪያ ሳይሆን ስለታፈነ ሥር ነው። የቀለም ባልዲው ከሥሩ ተበስቶ እንደሆነ አልነገሩኝም። ካልተበሳ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ከማንበብዎ በፊት ተነስተው ይዩት። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ሲጨልም፣ በተለይ ሌላ ሕንፃ ፊት ለፊት በቆመበት ክፍል፣ ተክሉ የሚጠጣው ውሃ በእጅጉ ይቀንሳል። እኛ ግን በሚያዝያ የለመድነውን መጠን ማጠጣት እንቀጥላለን። ውሃው ከታች ይጠራቀማል፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው አየር ይባረራል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ የተጠማ ይመስላል፤ ባለቤቱም ጨምሮ ያጠጣዋል።

ባልዲውን በጋዜጣ ላይ ዘቅዝቀው ተክሉን ከነአፈሩ ያውጡት። ጤነኛ የፖቶስ ሥር ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ሲጎትቱት ይጠነክራል። የበሰበሰው ቡናማ ነው። በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ልጡ እንደ እጅጌ ሾልኮ በእጅዎ ይቀራል፣ ከውስጡ ቀጭን ክር ብቻ ይታያል። ሽታውም የቆመ ውሃ ሽታ ነው። ቡናማውን ሁሉ በንጹሕ መቀስ ይቁረጡ፣ አፈሩን ይጣሉት፣ ባልዲውን ከሥሩ አራት አምስት ቦታ ይብሱትና በአዲስ ድብልቅ ይትከሉት። ከሐረጉ ላይም ሁለት ሦስት ቁራጭ ይውሰዱ፤ እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ አንጓ ይኑረው፤ አንጓው ውሃ ውስጥ እንዲገባ አድርገው በብርጭቆ ያስቀምጡት። ፖቶስ ከአንጓው ሥር ለማውጣት አይሰስትም፤ ዋናው ተክል ባይተርፍ እንኳ ልጆቹ ይተርፋሉ። ፒኤች እዚህ ውስጥ የለበትም፤ ፖቶስ በሰፊ መጠን የሚችል ተክል ነው።

አሁን ወደ ጋርዴኒያው። ጋርዴኒያ የቡና የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው፤ እንደ ቡናም ወደ አሲዳማነት ያደላ አፈር ይወዳል። የሚመቸው ፒኤች ከ5 እስከ 6 ባለው ክልል ነው። የፒኤች መለኪያ ደረጃን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ያስተዋወቀው በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው። ከዚህ ሥራ ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር፣ አንዱ ደረጃ ከሚቀጥለው በአሥር እጥፍ የሚራራቅ መሆኑ ነው። 6 ከ7 አሥር እጥፍ አሲዳማ ነው፤ 5 ደግሞ መቶ እጥፍ። «ከ6 ወደ 7 አንድ ቁጥር ብቻ ጨመረ» ብሎ ማቃለል የማይቻለው ለዚህ ነው። ብረት ላይ ሲመጣ ልዩነቱ ይብሳል፤ ፒኤች በአንድ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር በአፈሩ ውሃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው የዝገት ዓይነቱ ብረት በሺህ እጥፍ ገደማ ያንሳል። ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከብረት ነው፤ መትከያዎ በብረት የተሞላ ሆኖ ተክሉ ብረት አጥቶ ሊገረጣ ይችላል።

አዲሱ የሲሚንቶ መትከያ እንዳነበብኩ ዓይኔ የቀረው እዚያ ላይ ነው። ሲሚንቶ ሲጠጥር ኖራ ይፈጥራል፤ በአዲስ ኮንክሪት ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውሃ ፒኤች ከ12 በላይ ነው። ሳይታጠብና ሳይቀባ አፈር ከተሞላበት፣ ባጠጡት ቁጥር ከግድግዳው ኖራ እየሟሟ ወደ አፈሩ ይገባል። ከግድግዳው አጠገብ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች፣ ማለትም ዋናዎቹ መጋቢዎች፣ ቀድመው ይጎዳሉ። የተዛወረው ከክረምቱ በፊት ሆኖ ሕመሙ ከመስከረም ወዲህ መታየቱም ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ አዲስ ቅጠል እስኪወጣ ድረስ የብረት እጥረት አይታይምና።

ሆኖም ጥርጣሬ ፍርድ አይደለም። ሌላም ተጠርጣሪ አለ፤ ብርድ። ጋርዴኒያ ሥሩ ሲቀዘቅዝ በአፈሩ ፒኤች ላይ ምንም ችግር ባይኖርም ብረት መሳብ ያቅተዋልና ያንኑ መልክ ያሳያል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ፣ በረንዳ በር ሥር በሲሚንቶ ወለል ላይ የቆመ የሲሚንቶ መትከያ ቅዝቃዜውን ሙሉ ለሙሉ ይቀበላል። ስለዚህ መለካት ያስፈልጋል፤ በገዙት መሣሪያ ግን አይደለም።

ያንን መሣሪያ በጨርቅ ጠርገው በአየር ላይ ይያዙት። አሁንም 7 አካባቢ ካሳየ፣ 7 ማለት ለእሱ «ምንም አልተሰማኝም» ማለት ነው፤ መርፌው የሚያርፍበት ቦታ እንጂ ልኬት አይደለም። ባትሪ የሌላቸው እነዚህ ባለ ሁለት ጣት መለኪያዎች በሁለት የተለያዩ ብረቶች መካከል የሚፈጠረውን ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው የሚያነቡት፤ ፍሰቱ ደግሞ በእርጥበቱ፣ በጨው መጠኑና አፈሩ ከብረቱ ጋር በተጣበቀበት ልክ ይለዋወጣል። በላላ የመትከያ አፈር ላይ ልተማመንባቸው አልችልም። ገንዘብዎን ስላወጡበት አዝናለሁ፤ ነገር ግን በእሱ ቁጥር ተመርተው ምንም ነገር አይጨምሩ።

የሚያስፈልግዎት የፒኤች ወረቀትና የተጣራ ውሃ ነው። ወረቀቱ ሰፊ ክልል የሚለካው ዓይነት ይሁን፤ የትምህርት ቤቱ ሊትመስ አሲድ ወይም አልካሊ ብሎ ከመለየት በቀር ቁጥር አይሰጥም። የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች ይይዙታል። ካላገኙ ከፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ይግዙ፤ ብዙዎቹ ላይ ከሚገኙት ባለ ቀለም ሳጥኖች አንዱ ከ5 እስከ 8 ተኩል ድረስ ፒኤች ያሳያል። ያለንን ጥያቄ ለመመለስ ይህ ክልል ይበቃል። ለተጣራ ውሃ ደግሞ ነዳጅ ማደያና የመኪና ዕቃ መደብር የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ያገለግላል። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ፤ በእነዚሁ መደብሮች «አሲድ» ተብሎ የሚሸጠው የባትሪ ሰልፈሪክ አሲድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ውሃ መሆኑን በጽሑፉ ሳያረጋግጡ አይክፈቱት፣ ልጆች ከሚደርሱበትም ያርቁት። ንጹሕ የተጣራ ውሃ ለብቻው ሲለካ 6 ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ ከአየር የወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ጉልበት ስለሌለው የአፈሩን ልኬት አይለውጥም። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ግን ማዕድን ስላለው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ብዙ ጊዜ የምመክረው ዘዴ መትከያውን አጠጥቶ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ከላይ ጥቂት የተጣራ ውሃ አፍስሶ ከሥር የሚንጠባጠበውን 50 ሚሊ ሊትር ያህል ተቀብሎ መለካት ነው። ሥሩ የሚጠጣውን ውሃ በቀጥታ ስለሚያሳይ ጥሩ ዘዴ ነው። በእርስዎ ሁኔታ ግን የሚንጠባጠበው ውሃ የሲሚንቶውን ወለል ነክቶ ስለሚወጣ ቁጥሩን ያለአግባብ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ አፈሩን ራሱን እንለካለን፤ ከሁለት ቦታ።

በማንኪያ እጀታ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በታች፣ አንዱን ናሙና ከግንዱ አቅራቢያ፣ ሌላውን ከመትከያው ግድግዳ ጎን ጎን ያውጡ። የላዩን አፈር አይውሰዱ፤ የቡና ዝቃጭና ዩሪያው ያለው እዚያ ነው። ሁለት ብርጭቆ በተጣራ ውሃ ያለቅልቁ። በየብርጭቆው አንድ የቡና ስኒ አፈርና ሁለት ስኒ የተጣራ ውሃ ያድርጉ፤ አፈሩን በስኒው ውስጥ ጠቅጥቀው አይሙሉት። በደንብ አማስለው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፣ በመሃል አንድ ሁለት ጊዜ ያማስሉት። ከዚያ ሲጠል ከላይ ያለውን ውሃ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ያጥልሉትና ወረቀቱን ይንከሩ። ቀለሙን በመስኮት ብርሃን ያንብቡ፤ በቢጫ አምፖል ሥር 6ና 7 ይምታታሉ። ውሃው ራሱ ቡናማ ከሆነ የወረቀቱን ቀለም ስለሚያበላሽ ጥቂት ቆይተው እንደገና ያጥልሉ።

የግድግዳው ናሙና ከመሃሉ በግልጽ ከበለጠ፣ ለምሳሌ መሃሉ 6 ተኩል ሆኖ ዳሩ 8 ከሆነ፣ ጥፋተኛው መትከያው ነው። ሁለቱም እኩል ከ7 በላይ ከሆኑ አፈሩን ወይም ውሃውን እንጠረጥራለን። ሁለቱም ከ6 በታች ከሆኑ ፒኤችን ነጻ አውጥተን ብርዱንና ሥሩን እንመረምራለን። ዲጂታል የፒኤች እስክሪብቶ ያለው ጎረቤት ካለዎት ይበልጥ ይረዳል፤ ነገር ግን በ7 እና በ4 መለኪያ ፈሳሽ ያልተስተካከለ፣ ጫፉም ደርቆ የከረመ ከሆነ ከወረቀቱ ያነሰ ነው።

ስለ ውሃው ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ ውሃዋን የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የጉድጓድ ውሃ ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ይህ ደግሞ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ እንደሚጨመር ኖራ ሆኖ የመትከያውን ፒኤች ወደ ላይ ይገፋል። የእርስዎ ቧንቧ ከየትኛው እንደሚመጣ ለመገመት የሻይ ማንቆርቆሪያዎን ውስጡን ይዩ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃዎ ጠንካራ ነው። ክሎሪኑን ግን አይጠርጥሩት፤ በተለይ ውሃው በፈረቃ መጥቶ በሮቶ ውስጥ ካደረ አብዛኛው ይበናል፤ ቅጠል የሚያገረጣም እሱ አይደለም።

አሁን ኮምጣጤው ለምን እንደማይሆን ላስረዳ። ኮምጣጤም ሆነ ሎሚ ባይካርቦኔቱን ያጠፋል፤ ለጥቂት ቀናት ፒኤቹን ያወርዳል። ነገር ግን የአፈሩ ረቂቅ ተሕዋስያን እነዚህን አሲዶች ይበሏቸዋል፤ ሲበሏቸውም የጠፋው አልካላይነት (የአሲድ ተቃራኒው ጠባይ) ተመልሶ ይመጣል። ከግድግዳው ደግሞ ኖራው መሟሟቱን አያቆምም። በመጨረሻ የሚቀረው ተቃጥሎ የቆሰለ ሥር ነው። የድኝ ዱቄትም በሲሚንቶ መትከያ ውስጥ አይመከርም፤ በባክቴሪያ ተለውጦ አሲድ እስኪሆን ወራት ይፈጅበታል፣ ኖራው እስከዚያ ይቀድመዋል።

መፍትሔው ተክሉን ከዚያ ማውጣት ነው። ፕላስቲክ ወይም የሸክላ መትከያ፣ ከሥሩ በደንብ የተበሳ፣ ከሥሩ ጥቅል በሁለት ጣት ያህል ብቻ የሰፋ ይበቃል። በሥሩ ዳር ያለውን አፈር በእጅዎ ቀስ ብለው ያራግፉ፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የነበረው ይሂድ። ለአዲሱ ድብልቅ በደንብ የበሰበሰ የቅጠል ብስባሽ፣ ቀይ አፈርና ለብሎኬት ሥራ የሚውለውን ቀላል ነጭ ድንጋይ፣ ፑሚስን፣ ታጥቦ በአተር መጠን የተወነፈ፣ እኩል እኩል ያድርጉ። ፑሚሱን ብሎኬት ከሚመረትበት ግቢ ሲገዙ ሲሚንቶ ያልነካው መሆኑን ያረጋግጡ። መረሬ አፈር ግን አያስገቡ። እርሻ ላይ ዋጋው ትልቅ ነው፤ በመትከያ ውስጥ ሲረጥብ አብጦ አየር ይዘጋል፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል፤ ብዙ ጊዜም ለጋርዴኒያ ወደማይስማማው ፒኤች ያደላል። የገዙትን ቀይ አፈርም ከመትከልዎ በፊት በዚያው የስኒ ዘዴ ይለኩት። አመድና የእንቁላል ቅርፊት አይጨምሩ፤ ሁለቱም ፒኤች ከፍ የሚያደርጉ ናቸው፣ አመዱ በፍጥነት።

የሲሚንቶ መትከያውን ከወደዱት መጣል አያስፈልግም፤ ጋርዴኒያው ያለበትን የፕላስቲክ መትከያ በውስጡ ያስቀምጡት፣ ከታች በድንጋይ ከፍ አድርገው። ያማረው ከውጭ ይታያል፣ ኖራው ሥሩን አይነካም።

ተክሉ እስኪያገግም ብረት ሊሰጠው ይችላል፤ የሚገዙት ግን ዓይነቱን ለይተው ይሁን። በግብርና መድኃኒት መደብሮች የሚሸጠው ተክሉ እንዲስበው የታሰረ ብረት ሦስት ዓይነት ነው። ኢዲቲኤ የሚባለው ፒኤች ከ6 ተኩል ካለፈ ብረቱን ይለቀዋል፤ ዲቲፒኤ እስከ 7 አካባቢ ይዘልቃል፤ ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ከ7 በላይም ይሠራል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። የመጨረሻውን ውሃ ውስጥ ሲበጠብጡት እንደ ወይን ጠጅ ጠቆር ያለ ቀይ ይሆናል፤ ልብስና የመስኮት ደፍ ስለሚያቀልም በጓንት ይሥሩ። መጠኑን ከማሸጊያው ጽሑፍ ይውሰዱ፣ ከዚያም አያስበልጡ።

ዩሪያውና የቡና ዝቃጩ ቀርተዋል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ለማሳ የተሠራ ጉልበት ስላለው አንድ የሻይ ማንኪያ ለአንድ መትከያ እጅግ ይበዛል። አፈር ውስጥ ገብቶ መሰባበር ሲጀምር መጀመሪያ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል፤ ወደ አሲዳማነት የሚያመራው ቆይቶ ነው። ጋርዴኒያውን ካዛወሩ በኋላ ከሥሩ በብዛት እስኪወጣ ድረስ አንድ ጊዜ በደንብ ያጥቡት፤ ከዚያ ለስድስት ሳምንት ምንም ማዳበሪያ አይስጡ። ኤንፒኤስ የሚባለውንም የማሳ ማዳበሪያ ከገጠር ዘመድ ቢላክልዎ አይንኩት፤ ውስጡ 38 በመቶ የሚደርስ ፎስፌት አለ፣ ፎስፌት ሲበዛ ደግሞ ያንኑ ብረት አስሮ ያስቀረዋል።

የቡና ዝቃጭ አፈር ያኮመጥጣል የሚለውን ብዙ ሰው ይናገረዋል። ተፈልቶ የወጣ ቡና አብዛኛውን አሲዱን በጀበናው ውስጥ ጥሏል፤ ዝቃጩ ለገለልተኛ የቀረበ ነው። በላይ ላይ ሲደራረብ ግን ቅርፊት ሠርቶ ውሃና አየር ይከለክላል፣ እርጥብ ሆኖ ሲከርም ደግሞ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ይራቡበታል። ወደ ብስባሽ ክምር ይጨምሩት፤ በዚያ ጠቃሚ ነው።

ከመዛወሩ በፊት ነጭ ወረቀት ከቅጠሎቹ ሥር ይዘው ቅርንጫፉን ነካ ነካ ያድርጉት። የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ከወደቁ ቀይ ሸረሪት የሚባሉት ጥቃቅን ተባዮች ናቸውና ቅጠሉን ከሥር በኩል በውሃ አጥበው ይጀምሩ። የሸረሪቶቹ ጉዳት ነጠብጣብ እንጂ መረብ ስለማይመስል ዋናው ችግር ይህ ነው ብዬ አልጠብቅም፤ ነገር ግን በበጋ ደረቅ አየር የተዳከመ ተክል አያጡም።

ክረምት ሲገባ የዝናብ ውሃ በንጹሕ ባልዲ ያጠራቅሙ፤ ባይካርቦኔት ስለሌለው ለጋርዴኒያ ከሁሉ የተሻለ ውሃ ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ ጣሪያውን ስለሚያጥብ አይቀበሉት። እስከዚያ ግን ቧንቧውን ይጠቀሙ፣ መትከያውንም ማታ ማታ ከበረንዳው በር አርቀው ወደ ውስጥ ያስገቡት።

ቢጫ የሆኑት ቅጠሎች በሙሉ እንደገና አረንጓዴ ይሆናሉ ብለው አይጠብቁ፣ አይቁረጧቸውም፤ ተክሉ ከእነሱ የሚያገኘው ጥቂት ነገር አለ። የሚመለከቱት ካዛወሩት በኋላ የሚከፈተውን ቅጠል ነው። በሁለት ወር ውስጥ አዲሶቹ አረንጓዴ ሆነው ካልወጡ፣ የግድግዳውንና የመሃሉን ሁለት ቁጥሮች፣ ሥሩ ሲወጣ የነበረውን ቀለምና ተክሉ በሌሊት የሚቆምበትን ቦታ ጨምረው ይጻፉልኝ፤ ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።